በገደሉ በኩል

የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝና ደንበኞቼ ቶሎ ያዩብኛል፤ ጨርቁን በመርፌው ሥር ስገፋ እሷ ብቻ ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ጎን ትቆማለች፣ እንደተኳረፈች ሴት። «ምን ሆና ነው?» ሲሉኝ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ መልስ ነበረኝ። «አባቴ ነው» እላለሁ ደረቴን ነፍቼ። «ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ሊወስደኝ ሲል፣ አባቴ አልለቃትም ብሎ አጥብቆ ሲይዘኝ ነው የተሰበረችው።» ሴቶቹ «ወይ አባት!» ይላሉ። የራሷ አባት ክፉ የነበረባት ደግሞ ዕንባዋ ይመጣል።

ይህን ታሪክ በሠርጌ ዕለት ማይክ ይዤ ተናግሬዋለሁ። ልጄ ገነት ከጡት ጋር ነው የጠጣችው። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሳልነግራት አትተኛም ነበር፣ ብሳሳትም ታርመኝ ነበር። ካለፈው ግንቦት ወዲህ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልናገረው፤ ይውጣልኝ።

የተወለድኩት ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ፣ ዝግባ በር የምትባል ቀበሌ ውስጥ ነው። ከቤታችን ጀርባ ደን አለ። ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው ተጠጋግቶ የቆመበት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወርበት ደን ነው። በደኑ መጨረሻ ውሃው ከገደል ይወድቃል፤ ነጭ ሻሽ ይሉታል። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ስል ደኑ ፓርክ ሆነ ተባለ። በሩ ላይ ሰሌዳ ተተከለ፣ ከበሩ እስከ ነጭ ሻሽ የእግር መንገድ ተጠረገ፣ አግዳሚ ወንበሮች ተቸነከሩ፣ ከፏፏቴው ራስ ላይ የእንጨት ድልድይ ተሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ተማሪዎችና ሙሽሮች፣ አልፎ አልፎም ፀሐይ ያቀላው ፈረንጅ ይመጣ ጀመር። የኛ ሰዎች ይስቁ ነበር። «እንጨት አይሰብሩ፣ ከብት አያግዱ፣ ታዲያ ምን ሊያረጉ ነው የሚሄዱ?» ይላሉ።

አባቴ ሙላቴ በዚህ ፓርክ ተቀጠረ። ሥራው መንገዱን መጥረግ፣ የወደቀ ግንድ ማንሳት፣ ዝናብ የሸረሸረውን ደረጃ መጠገን ነበር። ለእኔ ግን የደኑ ጌታ እሱ ነበር። ከዚያ በፊት ሥራ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ገበሬ ሆኖ አያርስም፤ በሬዎቻችንን ጠምዶ የሚያርስልን የእናቴ ወንድም ነበር። አባቴ ሐምሌን ሙሉ ቤት ተቀምጦ በበሩ ስንጥቅ ማዶ ማዶውን ያይ ነበር። ገበያ አይወጣም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ በሴቶች መካከል ሆኖ ነው። በሴቶች መካከል መሄዱን ሳይ «አባቴ ሴት ያከብራል» እል ነበር። አለማረሱን ደግሞ በትልቅነቱ ተረጎምኩት፤ ትልቅ ሰው እጁን ጭቃ አያስነካም ብዬ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባቴ ደመኛ ነበረው። አጎቴ ሞላ በድንበር ጠብ ጌጡ የሚባል ሰው ገድሎ ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። በእኛ አገር ገዳይ ሲጠፋ ደሙ አብሮ አይጠፋም፤ ወንድሙ ላይ ያርፋል። የጌጡ ቤት ከሸለቆው ማዶ፣ ከደኑ ፊት ለፊት ነው። የጌጡ የበኩር ልጅ ዋልልኝ ነፍጥ ለመያዝ የደረሰ ቀን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በቀር ቀበሌው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ የሰማሁት ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ አክስቴ ቤት ለትምህርት ከተላክሁ በኋላ ነው። ያኔም ከቅዳሜዎቼ ጋር አላገናኘሁትም። ሰው የሚወደውን ነገር አገላብጦ አያይም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ከአባቴ ጋር ወደ ደኑ የምትሄደው እናቴ ፈንታነሽ ነበረች። ምሳውን በአገልግል አንጠልጥላ አብራው ትወጣለች፣ እሱ መንገድ ሲጠርግ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች፣ ሲመሽ አብራው ትገባለች። ቅዳሜ ግን ደብረ ታቦር ገበያ ነው፤ እህል ሽጣ ጨውና ዘይት የምታመጣው እሷ ናት። ስለዚህ ቅዳሜ የእኔ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ባዩ አንድም ቀን ተወስዶ አያውቅም። ደጃፍ ላይ ቆሞ «እኔንስ?» ሲል አባቴ «አንተ አርፈህ ቤትህ ግባ!» ብሎ ይቆጣዋል። እኔም ከአባቴ ጀርባ ምላሴን አወጣበት ነበር። ከሦስት ልጆች መካከል የተመረጥኩት እኔ ነኛ! ትንሿ እህቴ ገና ድክ ድክ ትል ነበርና እሷን ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም።

በሩን አልፈን ወደ ደኑ ስንገባ አባቴ እጄን ይዞ በግራው ያቆመኛል። መንገዱ በተራራው ወገብ ላይ የሚሄድ ነው፤ በቀኝ ዛፍ፣ በግራ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የጌጡ አገር። ማታ ስንመለስ ገደሉ በቀኛችን ይሆናል፤ ያኔ ሳልጠይቀው ወደ ቀኙ ያዞረኛል። አንድ ቀን «ለምንድነው አባ፣ ሁልጊዜ በዚህ በኩል የሚያደርጉኝ?» አልኩት። «ነጭ ሻሽ እንዲታይሽ» አለኝ። እውነትም ይታየኝ ነበር። ከከተማ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ተራራው አስጠግተው፣ ራሳቸው በገደሉ በኩል ሲሄዱ አይና አዝንላቸው ነበር። እነዚያ ልጆች ከእናታቸው ቀሚስ በቀር ምንም አይታያቸውም።

ከዚያ ደግሞ ቀሚሱ መጣ። ለትንሣኤ በዓል ነው፤ እናቴን ከገበያ ቢጫ ቀሚስ እንድታመጣልኝ አዘዛት። እናቴ «ለጭቃ የማይሆን» ብላ ቡናማ ይዛ መጥታ ነበር፤ በሳምንቱ መልሶ ላካት። «ቢጫ ነው ያልሁሽ» አለ። ጎረቤታችን ወርቅነሽ ቀሚሱን ዳብሳ፣ «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ ነው! ያባት ወግ እንዲህ ነው» ስትል እናቴ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። ቀናች አልኩ። ዛሬ በሙያዬ የማውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር፤ አረንጓዴ ላይ እንደ ቢጫ ከሩቅ የሚጮህ ጨርቅ የለም።

ድምፄንም ይወደው ነበር። ግልጥ ወዳለው ቦታ ስንደርስ «ዝፈኚ እስቲ ዓለሜ» ይለኛል፤ ስሜ ዓለሚቱ ነው፣ ዓለሜ የሚለኝ ደን ውስጥ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት የለቀምኩትን ሁሉ እዘፍናለሁ። «ከፍ አርጊው፣ ማዶ ድረስ ይሰማ» ይላል። ጉሮሮዬን ያመመኝ ቅዳሜ እንኳ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ለምኖኝ ያውቃል። ዛፉ ውስጥ ስንገባ «በቃ፣ ዕረፊ» ይለኛል፤ ያኔ ልቤ ትንሽ ቅር ይለው ነበር። ዛፍ ውስጥ ድምፄ የማያምር እየመሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንወጣ እናቴ የገበያ ዕቃዋን ተሸክማ ከበሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ዐይኗ ሁልጊዜ ቀልቶ ነው የማገኘው። አንድ ጊዜ ጠርታኝ ቀሚሴን ከኋላ አስተካከለች፣ አንገቴን ሳመች፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት ገፋችኝ። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። እናቴ ታለቅስ ነበር። እኔ እልስ ነበር።

በሴት ፊት፣ በሕፃን ፊት ደም አይመለስም። ሕጉ ይኸው ነው። ሴት ልጁን እጇን በያዘ ሰው ላይ የተኮሰ ሰው ጀግና አይባልም፤ ስሙ እስከ ሰባት ትውልድ ይጠፋል። ወንድ ልጅ ግን ራሱ ደም ነው፤ ባዩ ቢሄድ አንድ የነበረው ዒላማ ሁለት ይሆናል። አባቴ ከደመኛው አገር ፊት ለፊት እየዋለ ደመወዝ ሊበላ የቻለው በዚህች ሕግ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ በእናቴ፣ ቅዳሜ በእኔ።

ያች ቅዳሜ በጥቅምት ነበረች። ሌሊቱን ዘንቦ ነጋ። ጭጋጉ ከሸለቆው ገና አልተነሣም፤ እርጥብ ቅጠልና የበሰበሰ ግንድ ይሸታል፤ ነጭ ሻሽ ከሩቅ ያጉረመርማል። ጎብኚ አልነበረም። ጭጋግ ስለሆነ ይሆናል አባቴ በየሃምሳ ርምጃው «ዝፈኚ» ይለኛል፤ ማዶው አይታይም፣ ቢጫ ቀሚሴም አይታይም። ዘፈን ሁሉ አልቆብኝ የማባዣ ሠንጠረዥ መዝፈን ጀመርኩ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰው ቆሟል። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። ጢም አላበቀለም፤ ከደብረ ታቦር የመጣ ተማሪ መሰለኝ። ከጋቢው ሥር ረጅም ነገር ይዟል። ዣንጥላ ነው አልኩ፤ ዘንቦ ነበራ።

«ልጅቷን ልቀቃት» አለው አባቴን።

አንተ ብሎ! አባቴን አንተ የሚል ከእሱ ያነሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ተምሮ መደንቆር ይሏል ይኼ ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። አባቴ እጄን ጠበቅ አደረገው።

«ልቀቃት ብየሃለሁ። እሷ ምን አረገች?»

«አልለቃትም» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ያወሩትን ውሃው ወሰደው። ነጭ ሻሽ ከእግራችን ሥር ወደ ገደሉ እየወረደ ነው፤ ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፣ ፍንጣሪው ፊት ላይ ያርፋል። «ያባቴ አጥንት» የሚል ሰማሁ። «ሞላን ሂደህ» የሚል ሰማሁ። ልጁ ሁለት ርምጃ ወደ እኛ መጣ። አባቴም ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ልጁ ቆመ፤ በርከክ ብሎ ከእኔ ቁመት ጋር እኩል ሆነና ድምፁን ለሰለስ አደረገው።

«ነይ እቴ። እኔ አልነካሽም። ነይ፣ ወደዚያ እለፊ፤ ጉሬዛዎቹ ጋ ሂጅ።»

እጁን ዘረጋልኝ። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ይህ ሰው ሊወስደኝ ነው። «አልሄድም!» ብዬ ጮኽኩ። «ያባቴ ነኝ! አልሄድም!»

አባቴ ከጎኑ ስቦ ከፊቱ አቆመኝ። ጀርባዬን ከሆዱ ጋር አጣብቆ፣ በአንድ ክንዱ ደረቴን አቅፎ፣ በሌላው ቀኝ እጄን እንደያዘ። አባቴ አቅፎኝ አያውቅም ነበር። ልቡ በጀርባዬ በኩል ሲመታ ይሰማኛል። ደስ አለኝ፤ እንዲያ ሆኜም ደስ አለኝ።

«ሦስተኛየ ነው» አለ ልጁ። «በማርያም ልቀቃት።»

«አልለቃትም!»

ያኔ ጣቴ ቀጭ አለች። «አባ ጣቴን!» አልኩ። አልሰማኝም። ልጁ ግን ሰማኝ። ብድግ አለ። ፊቱ በሙሉ ርሷል፤ የፏፏቴው ፍንጣሪ ነው ብዬ አለፍኩት። ጋቢውን ሰብስቦ፣ በእጁ ወደ ላይ እያመለከተ፣ «እሱ ይየው» አለና ዳገቱን ወጥቶ ጭጋግ ውስጥ ገባ። እኔም ወደ ላይ ቀና ብዬ አየሁ። ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ጉሬዛዎች ተቀምጠው ነበር።

አባቴ ድልድዩ ላይ ቁጭ አለ። ሱሪው ከብልቱ እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። ይህንንም ፏፏቴው ነው ያረጠበው አልኩ፤ ድልድዩ ላይ የቆምን ሁለታችን፣ እኔ ደረቅ፣ እሱ እርጥብ መሆናችን አልደነቀኝም። ውሃ ጨልፎ ፊቱን ታጠበ። ጣቴን አሳየሁት። አየት አደረገና «ለናትሽ እንዳትነግሪ። ወደቅሁ በይ» አለኝ።

እንዴት ብዬ እደብቃለሁ? ማታ ወጌሻው ጣቴን በቅቤ እያሸ ሳለ፣ እናቴ «በምን ወደቅሽ?» ስትለኝ፣ ሕመሙም አላስቻለኝ፣ ኩራቱም አላስቻለኝ፣ ዘረገፍኩት። «ሌባ ነው እማ! ሊወስደኝ! ልቀቃት አለው፤ አባ ግን አልለቃትም አለ! ሦስት ጊዜ ልቀቃት አለው፣ አልለቃትም አለው!»

ወጌሻው እጁን አቆመ። እናቴ አባቴን አየችው።

«ልቀቃት አለህ?» አለች።

አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ሙላቴ፣ እኔን እየኝ። እሱ ልቀቃት እያለህ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፤ ልጅ ይሰማል» አለ።

«ይስማ!» ብላ ተነሣች። እናቴ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። «ካሁን ወዲያ ይችን ልጅ በጅህ አትነካትም። ቅዳሜም ቢሆን እኔ እበቃለሁ። እኔ እበቃለሁ!»

በቀጣዩ ቅዳሜ ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ ደጅ ቆሜ ስጠብቅ፣ እናቴ አገልግሉን ይዛ ከአባቴ ጋር ወጣች። ገበያ ቀረ። ጨው ሲያልቅ ከወርቅነሽ ቤት እንበደራለን፣ ዘይት ሲያልቅ ወጡ ያለ ዘይት ይሠራል፤ እናቴ ግን ቅዳሜዬን አልመለሰችልኝም። እየተከተልኩ አለቀስኩ፣ ድንጋይ ወረወርኩባት። «ቀናተኛ!» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች። በዚያ ዕድሜዬ የጀመርኩትን ቂም ሳድግም አልተውኩትም። ከሐሙሲት፣ በኋላም ከባሕር ዳር ስመጣ የአባቴን ጉልበት ስሜ፣ እሷን በጉንጭ አልፋት ነበር። በሠርጌ ዕለት ያን ታሪክ በማይክ ሳወራ እንግዳው ሲያጨበጭብ፣ እሷ ከድንኳኑ ወጣች። ሠርጌን ልታበላሽ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። እስክትሞት አንድ ቀን «ሞኝ ልጅ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር» አላለችኝም። አባቴን ልትወስድብኝ አልፈለገችም። ይህን ሳስብ እጄ መርፌው ላይ ይቀራል።

አምና አጎቴ ሞላ ቆላ ውስጥ በወባ ሞተ የሚል መርዶ መጣ። ሽማግሌዎች ይህን ምክንያት አድርገው ሁለቱን ወገን ለእርቅ ለመኑ፤ በግንቦት ከፓርኩ በር ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ደሙ ሊደርቅ ተቀጠረ። እኔም ገነትን ይዤ ከባሕር ዳር መጣሁ። አባቴ በስተርጅናው ነጻ ሊወጣ ነው፤ እንዴት እቀራለሁ?

አባቴ እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ወገናችን በሙሉ ከኋላው ነን። ወዲያ ማዶ የጌጡ ዘመዶች ቆመዋል። ቄስ ይሻው መስቀላቸውን አንሥተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ከማዶ አንድ ጎልማሳ ወጣ። ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ጫማው የገበሬ ነው። አላወቅሁትም።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ዋልልኝ። «ለእግዚአብሔር ብየ፣ ለሽማግሌ ብየ። ግን አንድ ነገር ሽማግሌ ይስማልኝ። ይህ ደም ዛሬ አይደለም የደረቀው።»

በእጁ ወደ ደኑ አመለከተ።

«ነጭ ሻሽ ድልድይ ላይ አግኝቸው ነበር። ልጅ ይዟል። ልጅ ባለበት አይተኮስም፤ አባቴ ያስተማረኝ ነው። ግን እኔም ልጅ ነበርሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጠመንጃውን ከያዝሁ ወር አልሞላኝም፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጣቴ ቃታው ላይ ነው። ሳላስበው ቢባርቅብኝስ ብየ ፈራሁ። ልቀቃት አልሁት። እሷን ከዚያ አርቅልኝ እንጂ ያን ቀን ገድየህ ልሂድ አላልሁትም፤ የምሠራውን አላውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ ለመንሁት። አልለቀቃትም። ጭራሽ ካፈሙዙ ፊት አቆማት። ጣቷ ሲሰበር ሰማሁ። ያን ለት ተውሁት። ከዚህ ሰው የሚወሰድ ደም የለም አልሁ።»

ገነት ቀሚሴን ጎተተችኝ። ፊቷ በደስታ በርቶ፣ «እማ! የኛ ታሪክ ነው! አልለቃትም ነው'ኮ!» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

ዋልልኝ ወደ ድምፁ ዞረ። ጠማማዋን ጣት አየና ወደ እኔ መጣ። ሃምሳ ሰው እያየን ነው። «አንቺ ነሽ እቴ?» አለኝ። «ጣትሽ ዳነ?»

«ዳነ» አልኩት። ሃያ ዓመት በየሱቁ፣ በየድግሱ ሌባ እያልኩ ያማሁት ሰው ነው።

አባቴን አየሁት። ድንጋዩ ገና ማጅራቱ ላይ ነው፤ ቀና አላለም። ድንጋዩ ነው እንዳልል፣ ሲያወርዱለትም ቀና አላለም።

በጉ ታርዶ፣ ሁለቱ ወገን በአንድ ገበታ ከበላ በኋላ ብቻውን አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አባ፣ ቢባርቅበትስ ኖሮ?»

«አይተኩስም» አለኝ ወዲያው። መልሱን ሲያሰናዳ የኖረ ይመስላል። «ልጅ ባለበት አይተኮስም፤ ወግ ነው።»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር አለ'ኮ። አይተው ነበር?»

«አይቻለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ይዋሸኝ ብዬ ጸልዬ ነበር፤ አልዋሸኝም።

«እኔ ብሞት አንችን ማን ያሳድግሽ ነበር?» አለኝ ቀጥሎ፣ እንደ መቆጣት ብሎ። «ባዩን ማን ያሳድገው ነበር? አራት ነፍስ ነው ያለ እኔ የሚበተን። ምን ላርግ ኖሯል?»

እውነት ነው። አራት ነፍስ ነበርን። ከአራቱ አንዷን ከፊት አቆመና ሦስቱን አዳነ፤ አራተኛዋም እንደ አጋጣሚ ተረፈች። ይወደኝ አልነበረም አልልም። ዓለሜ ይለኝ ነበር። ግን ከነፍሱ አስበልጦ የወደደኝ ሰው አለ ብዬ ነው የኖርኩት፤ በዚያች ዕለት ድልድዩ ላይ ስለ እኔ ያለቀሰው ደግሞ ጠላታችን ነበር።

አባቴ ብትሩን ይዞ ተነሣ። «እስቲ ነጭ ሻሽን አይቸው ልምጣ» አለ። «ሰው ሳልይዝ ሂጀበት አላውቅም።»

ልሰናበተው ነበር ያሰብኩት። ገነት ግን ሮጣ በሩ ጋ ቀደመችው። የባሕር ዳር ልጅ ናት፣ አንቱ ማለት አይሆንላትም። «አባባ፣ እኔም! ፏፏቴውን አሳየኝ!» አለችው። ዓመት በዓሉ ያለፈ ቢሆንም ያመጣሁላት አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እግዜር ይመስገን ቢጫ አይደለም። ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ። ሰሌዳው ታድሷል። ተማሪዎች በስልካቸው እየተነሡ ይሳሳቃሉ። ከዛፉ ጥላ ወጥተን ገደሉ ግልጥ ብሎ የሚታይበት ጋ ስንደርስ፣ በተራራው በኩል የነበረችውን ልጄን አባቴ በክንዷ ይዞ፣ ሳይቆም፣ ሳያያት፣ ወደ ግራው አዞራት።

ደሙ ከደረቀ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ማዶ የሚያነጣጥር ሰው የለም። እጁ ግን የለመደውን አደረገ።

«አባ» አልኩ። «ይልቀቋት።»

ቆመ። ዞሮ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ገደሉን፣ ከዚያ ልጅቷ የቆመችበትን ቦታ አየ። ምን እንዳደረገ ያኔ ነው ያወቀው።

ገነት ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። ልቀቃት ሲባል ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቃለች። ዐይኗ በራ። የአያቷን እጅ በሁለት እጇ ጨምድዳ ተንጠለጠለችበት።

«አባባ!» አለችው እየሳቀች፣ «አልለቃትም በላት! አልለቃትም በላት እንጂ!»

አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ። እጇን ለቅቆ፣ ብትሩን ጨብጦ፣ በገደሉ በኩል ብቻውን መንገዱን ቀጠለ።

ገነት ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማ፣ እኔን አይወደኝም እንዴ?» አለችኝ።